ከሾላው ሥር የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆይ አስካለ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ዜግነት አግኝቼ ልመርጥ ብሄድ ሁለት ሰው አቀረቡልኝ፤ ሁለቱንም እኔ አልጠራኋቸውም። ፓርቲ የሚባል ነገር በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስሙም የለ ይላሉ። ታዲያ በሕዝቡና በመንግሥቱ መካከል ማን አስገባው?» ብለሽኛል። እንዲህ እየተቁነጠነጥሽ ግን አትሰሚኝም። ገበሬውን ላስቀድም።

ገበሬው ሽንኩርት ያለማ ነበር። መሬቱ ከወንዝ በተጠለፈ ረጅም ቦይ ዳር ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያለማው በዚያ ቦይ ነው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል፣ ቦዩ በደለል ሲሞላም ሰዉን ለጠረጋ የሚጠራ አንድ ሹም አላቸው። የውሃ አባት ይሉታል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሰው ሁሉ ሜዳ ይወጣና ከወደደው እጩ ፊት አንድ ጠጠር ያኖራል። ብዙ ጠጠር ያገኘው የውሃ አባት ይሆናል። የአባቶች ደንብ ይኸው ነው፤ ስለ ሌላ ነገር አንድም አይናገርም።

አንድ ዓመት እጩው በዛ። ሠላሳ ሰባት ሰው «እኔ ልሁን» ብሎ ቆመ። ጠጠሩ ተበታተነና በአሥራ አራት ጠጠር አንድ ጠጪ ተመረጠ። እሱ ጠላ ቤት ሲውል ቦዩ ተደርምሶ የገበሬው ሽንኩርት ማሳ ላይ ደረቀ። ገበሬው ደግሞ ተናዶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት፣ ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የላይ ሰፈር ጎረቤቶቹን ከአንድ ሾላ ሥር ሰበሰበ። «አስቀድመን እንምከርና አንድ ደህና ሰው ይዘን እንውጣ» አላቸው። መከሩ፤ ደህና ሰው ይዘው ወጡ፤ አሸነፉ። የታች ሰፈር ሰዎችስ ሞኝ ናቸው? ለከርሞው እነሱም ከአንድ ዋንዛ ሥር ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ የሚቆመው ሁለት ሰው ብቻ ሆነ፤ የሾላው ሰውና የዋንዛው ሰው። ሦስተኛ ብቅ ሲል «ጠጠር አታስባክን» ብለው ይስቁበታል።

እስከዚህ ድረስ ክፉ ነገር አላይበትም። ክፉው የመጣው በአረም በኩል ነው። ከዛፎቹ ሥር የሚመከርበት ሰሞን የአረም ሰሞን ነበር። ገበሬው ሁለት ዓመት ሄደ። በሦስተኛው «ሌሎቹ ይበቃሉ፤ እኔ አረሜን ልንቀል» አለ። ጎረቤቶቹም እንደሱ አሉ። ከሾላው ሥር የቀሩት ሥራ የፈቱና ቂም የቋጠሩ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ የዋንዛ ስም ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። ገበሬው መስከረም ሲደርስ ሜዳ ይወጣል፣ አሥራ አንዱ ካቆሙለት ሰው ፊት ጠጠሩን ያኖራል፣ እያጉረመረመ ቤቱ ይገባል። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

በሰባተኛው ዓመት የዋንዛው ሰው አሸነፈ። ጥር ላይ ቦዩ በደለል ተደፈነ፤ አዲሱ የውሃ አባት አገሩን ለጠረጋ ጠራ። ገበሬው አካፋውን ተሸክሞ ሲወጣ ከአሥራ አንዱ አንደኛው ደጁ ላይ ቆሞ አገኘው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቦዩ ነዋ። ችግኜ እየጠወለገ እኮ ነው።»

«የሾላ ሰው አይወጣም ተብሏል። እንደተደፈነ ይቆይ። ሰዉ በዋንዛው ሹም ያማርርና ለመስከረም ሹመቱ ለእኛ ይመለሳል።»

«እስከ መስከረም ምን ልበላ?»

«አንተ ደግሞ! ለሆድህ ብለህ ወገንህን ልትሸጥ ነው?»

ገበሬው አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ቀኑን ሙሉ ገባ፣ ወጣ። ማሳው ድረስ ሄዶ አፈሩን በጣቱ ጫረ፤ ደርቋል። ሦስት መደብ ችግኝ ነበረው፤ የዓመት ቀለቡ እሱ ነው። አካፋውን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። ብቻውን ቢወጣ ከሃዲ ይባላል፤ ይባል ቢልም አንድ ሰው ያን ሁሉ ደለል አይጠርገውም። በሁለተኛው ቀን አንደኛው መደብ ረገፈ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው መደብ ቢጫ ሆነ፤ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለው። ሚስቱ ስትታዘበው ቆይታ አላስችል አላት።

«ለመሆኑ አትውጡ ብሎ የወሰነው ማነው?»

«ሾላው ነዋ።»

«ሾላ ምን አፍ አለው? ከሥሩ የነበረው ማነው?»

ይህን አያውቅም ነበር። ብድግ ብሎ የላይ ሰፈርን ደጅ በየተራ መታ። «አትውጡ ሲባል ነበርክ?» ይላል። «ኧረ እኔ የለሁበትም!» ይሉታል። ሁለተኛው ቤት የለሁበትም፤ ሠላሳኛው ቤት የለሁበትም። ሁሉም ጎረቤቴ ወስኗል እያለ አካፋውን አስደግፎ ችግኙን ያደርቃል። ገበሬውን እፍረት ያዘው። ሰዉን ከሾላው ሥር መጀመሪያ የጠራው እሱ፤ መጀመሪያ ጥሎ የሄደውም እሱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ አሥራ አንዱ ግን የሚንቁት ባለቤት እንኳ አላገኙም፤ አረም ላይ ነበር።

«ነገ ጠዋት አካፋችሁን ይዛችሁ ኑ» አላቸው፤ «ወደ ቦዩ አይደለም፣ ወደ ሾላው።»

በማግስቱ ስልሳ ሰው ከሾላው ሥር ተቀመጠ። የአሥራ አንዱ አለቃ «የሾላ ውሳኔ አይሻርም!» ብሎ ጮኸ። ገበሬው የደረቀ ችግኙን ከመካከል አኖረና «የወሰነ ይሽራል። እጅ እናውጣ» አለ። አወጡ። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ሾላ ማለት አሥራ አንዱ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ሆኑ።

ወደ ቦዩ ወጡ። የዋንዛ ሰዎች የታቹን እኩሌታ ጠርገው፣ «የላዩን ደለል የላይ ሰፈር ይጥረገው» ብለው ወገባቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ሾላዎች ቁፋሮ ሲጀምሩ ግን ምስጋናው ለእነሱ ብቻ እንዳይሆን ፈርተው ዘለው ቦዩ ውስጥ ገቡ። አትሳቂ፣ እንደዚያም ይጠረጋል። ውሃው በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ሁለቱ መደቦች አልተመለሱም፤ ሦስተኛው ዳነ። ያን ዓመት የገበሬው ቤት እየተራበ ከረመ። ነሐሴ ሲደርስ ግን አረሙን እንዳለ ትቶ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ከማንም ቀድሞ ከሾላው ሥር ተገኘ።

እንግዲህ አስካለ፣ ሾላና ዋንዛ እነዚያ ሁለቱ ፓርቲዎች ናቸው። ሰው ሲበዛ መመካከር ስላስፈለገው እንጂ ደንብ አላስገባቸውም። ዛፎቹን እንቁረጥ ብትዪ ሠላሳ ሰባቱ እጩዎች ነገ ይመለሱብሻል። ምክር ቤት ገብቶ ቦይ እንዳይጠረግ እጁን የሚያጣጥፈው ሰውም አንቺን ንቆ ብቻ አይደለም። ከዛፉ ሥር ያሉትን ካስቀየመ ለከርሞ ሜዳው ላይ እንደማያቆሙት ያውቃል፤ አንቺን ከዚያ አይቶሽ አያውቅም። ሁለቱ ሰዎች ካንቺ ፊት ከመቆማቸው በፊት፣ ባለፈው ግንቦት፣ ፓርቲዎቹ እጩ የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ነበር። የት ነበርሽ? ሥራ ላይ ነበርኩ ትዪኛለሽ፤ ድርብ ፈረቃ እንደምትገቢ አላጣሁትም። የአንቺም አረም እሱ ነው። አሥራ አንዱ ግን ነበሩ።

«እርስዎስ የት ነበሩ?» ትዪኝ ይሆናል፣ ልጄ። እኔም አልነበርኩም። ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቤቴ ተቀምጬ በሁለቱ ሰዎች ሳማርር ዋልኩ። ያ ገበሬ አካፋውን አንስቶ ሲያስቀምጥ የነበረበትን ሦስት ቀን ይህን ያህል የማውቀው ከራሴ እንጂ ከማን የሰማሁት ይመስልሻል?