ዘመም ያሉት ፊደሎች

የአውራጃው ገዥ ፊታውራሪ ደባልቄ ለመሥሪያ ቤታቸው አዲስ ታፔላ አጻፉ። ሠዓሊው ፊደሎቹን ያለ አንዳች ጌጥ፣ ሁሉንም ወደ ፊት ዘመም አድርጎ ጻፋቸው። ታፔላው በተሰቀለ ዕለት ፊታውራሪ ደጅ በሚጠናው ባለጉዳይ ሁሉ ፊት ጮኹበት።

«ይሄ ምን ዓይነት ፊደል ነው? ጌጥ የለው፣ ቀጥ ብሎ አይቆም! እዚህ ግቢ እንዲህ ዘሞ የሚቆም ምን አይተህ ነው? አሁኑኑ ታሳየኛለህ፤ ያለዚያ ብሩሽህን ሰብሬ ከአገር አባርርሃለሁ!»

ሠዓሊው በብሩሹ ወደ ባለጉዳዮቹ አመለከተ። ሁሉም ኩታቸውን አደግድገው፣ ወደ ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው ቆመዋል።

«ፊደሎቹንስ ዛሬውኑ አቃናቸዋለሁ፣ ጌታዬ» አለ። «ብቻ አስቀድመው እርስዎ እነዚህን ሰዎች ቀና ያድርጉልኝ።»