የእትዬ ጥሩወርቅ ዳንቴልና የዲጄ ናሁ ሚክሰር

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ አይቻለሁ። ዛሬ ላም የለችም። ዛሬ የሠርግ ድንኳን ነው፣ መሬቱ ሁሉ ሽቦ ነው። በሉ «የሽቦ በረት» በሉኝ። ጎሽ።

እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ውባለምን ሲድሩ፣ ወጥ ሲያስጨልፉ፣ ጠላ ሲያስቀዱ፣ ለዘመድ ወንበር ሲፈልጉ ዋሉ። አንዴም ትከሻቸውን አልነቀነቁም። አሁን ሚዜዎቹ መኪናውን አስነስተዋል፤ ሙሽሪት ጅማ ልትሄድ ነው። እናት የፈለጉት አንዲት ዘፈን ብቻ ነው፣ ከልጃቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ።

«ናሁ፣ የኔን ልቀቅልኝ» አሉት ዲጄውን።

ዲጄ ናሁ ሄድፎኑን እንዳጠለቀ አውራ ጣቱን አሳያቸው። በግራው ማጫወቻ ያለው ዘፈን አልቋል፣ የቀኙን አስነስቷል። ሄድፎኑ ውስጥ ዘፈኑ ይንቆረቆራል፣ ናሁም ብቻውን ይውረገረጋል። ድንኳኑ ግን ጭጭ። እንግዳው «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ይባባላል።

እትዬ ጥሩወርቅ ስፒከሩን በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉት። «ምነው ዝም አልክ?»

«ገመዱ ካላመጣልኝ ምን ልጩህ?» አለ ስፒከሩ።

ገመዱን ያዙት። «ስፒከሩ አልጮህም አለ። ምነው አታመጣለትም?»

«ማስተሩ ካልሰጠኝ ከየት ላምጣ?» አለ ገመዱ።

ማስተሩ የናሁ ዘፈን ማደባለቂያ፣ ሚክሰሩ ላይ ያለ ትልቅ ቁልፍ ነው፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ከዳንቴሉ ሥር ሰደው ነካ አደረጉት። ዳንቴል አልኩ? አዎ። ጠዋት ሚክሰሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አይተው «እንግዳ ፊት ራቁቱን?» ብለው አለበሱት። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው አለው፣ ፍሪጁ አለው፤ ሚክሰሩ ምን በወጣው! ያውም ለውባለም ቤት ብለው ክረምቱን ሙሉ የሠሩትን። ናሁም የሙሽሪትን እናት ፈርቶ ቀኑን ሙሉ እጁን ከሥሩ እየሰደደ ሠራ።

«ማስተር፣ ገመዱ አላመጣም አለ፣ ስፒከሩ አልጮህም አለ። አንተስ?»

«እኔማ እስከ ጥግ ተከፍቻለሁ። ተንሸራታቿ ካላሳለፈችልኝ ባዶ እጄን ምን ልስጥ?»

ተንሸራታቿ ከግራው ዘፈን ወደ ቀኙ የምታሻግር ትንሽ እጀታ ናት።

«ተንሸራታች፣ ማስተሩ አልሰጥም አለ፣ ገመዱ አላመጣም አለ፣ ስፒከሩ አልጮህም አለ። ወደ ቀኝ ነይ እንጂ።»

«መምጣቱንስ እመጣ ነበር። ዳንቴሉ አንገቴን ይዞ ግራ ላይ አስሮኛል።»

ናሁ ሄድፎኑን አውልቆ ጎንበስ አለ። እውነትም ክሩ እጀታዋን ጠምጥሟታል። ሲስበው ይባስ ጠበቀ።

«እትዬ፣ በመቀስ ልቁረጠው?»

«የልጄን ዳንቴል? እጅህን ሰብስብ!»

ውጭ መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። እትዬ ጥሩወርቅ ተንፈስ ብለው ወደ ዳንቴሉ ዞሩ።

«ዳንቴል፣ ተንሸራታቿ አላሳልፍም አለች፣ ማስተሩ አልሰጥም አለ፣ ገመዱ አላመጣም አለ፣ ስፒከሩ አልጮህም አለ፣ ልጄም አንድ እግሯን መኪና ውስጥ አስገብታለች። ተንሸራታቿን ልቀቃት!»

«እኔን ይቆጣሉ እንዴ? ያለበሱኝ እርስዎ» አለ ዳንቴሉ።

ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሳቸው ደጅ መጣ። መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ዳንቴል እንደሆነ እንደገና ይሠራል» አሉና ቋጠሮውን በጥርሳቸው በጥሰው የክሩን ጫፍ ሳቡ። የክረምቱ ሥራ ትርትር፣ ትርትር፣ ትርትር አለ።

ዳንቴሉ ተንሸራታቿን ለቀቀ፣ ተንሸራታቿ ለማስተሩ አሳለፈች፣ ማስተሩ ለገመዱ ሰጠ፣ ገመዱ ለስፒከሩ አመጣ፣ ስፒከሩም ጮኸ። ማስተሩ እስከ ጥግ ተከፍቶ የለ? ብርጭቆው ዘለለ፣ የሙሽራው አጎት ከነወንበራቸው ተገለበጡ፣ ውባለም ቬሎዋን ሰብስባ ከመኪናው ወርዳ ሮጠች።

እናትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። እትዬ ጥሩወርቅ የክሩን ክምር በእጃቸው እንደያዙ ጨፈሩ፣ ሳቁ፣ አለቀሱ። ሚዜዎቹም መኪናውን አጥፍተው ገቡበት።

ዘፈኑ ሲያልቅ እናት ክሩን አዩት። «ባዶ እጅሽን ሰደድኩሽ፣ ልጄ።»

ውባለም ክሩን ተቀብላ ጠቅልላ ጉያዋ ሸጎጠችው።

«ክሩን እኔ ይዤ እሄዳለሁ፣ እማዬ። መሥሪያ መርፌውን ይዘሽ ጅማ ነይ። እስክትጨርሺው አትመለሺም።»

እንግዲህ ተረቴን መልሱ፤ ሚክሰር ግን ዳንቴል አታልብሱ።