እንዳየ ፍሬን ያዘ

አንድ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ስሙ አንዳርጌ ይባላል። ከቁልቁለት ሥር በተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ ያስተምር ነበር። ከከተማዋ ወጥቶ ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሆነ ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ነው ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን ራሱ ሳይጨምርበት አልቀረም። ከጥያቄ ሁሉ የሚወደው ስለሚቆም መኪና የሚጠየቀውን ነበር። «መኪናው በዚህ ፍጥነት ይሄዳል። አሽከርካሪው ልጅ አየ፤ እንዳየ ፍሬን ያዘ። መኪናው ስንት ሜትር ሄዶ ይቆማል?» ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ እሱ መልሱን ሰሌዳው ላይ አስፍሮ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት፣ እጁን ያራግፋል።

ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ከላይ ቁልቁል የሚመጣ መኪና ኩርባውን ዞሮ ከተፍ ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ እንደ ልጅ ናቸው፣ ደወል ሲደወል በግራም በቀኝም ይፈስሳሉ። ወላጆች ተሰብስበው መከሩ። ዜብራ ይቀባ፣ ልጆቹም በዜብራው ብቻ ይሻገሩ ተባለ። ከኩርባው ምን ያህል ይራቅ ሲባል ግን ሁሉም ዞሮ ወደ መምህር አንዳርጌ አየ። እሱ እያለ ማን ይጠየቃል!

መምህሩ ያቺን የለመዳትን ጥያቄ እዚያው ቆሞ ሠራት። «ኩርባውን የሚዞር መኪና በሰከንድ ሃያ ሜትር ይሄዳል እንበል። በአርባ ሜትር ይቆማል። ለጥንቃቄ አምስት ጨምሩበትና አርባ አምስት ሜትር ላይ ቀቡት» አለ። የሰፈሩ ወጣቶች ቀለም አዋጥተው ቀቡት። ሽማግሌዎች መረቁት። አቶ ደምሰው የሚባሉ ሁለት ሴት ልጆች ያሏቸው አባት ደግሞ ነጭ ጋቢ አምጥተው በገዛ እጃቸው ደረቡለት። «መምህር፣ ልጆቻችንን ያተረፉልን እርስዎ ነዎት» አሉት። ትልቋ ልጃቸው ትርንጎ የመምህሩ ተማሪ ነበረች። ትንሿ አበቡ በዚያው ግቢ ገና ፊደል የምትቆጥር ሕፃን ናት።

በማግሥቱ መምህሩ ክፍል ገብቶ የራሱን ዜብራ ሰሌዳው ላይ ሣለው። ደስታው ፊቱ ላይ ነበር። «አሽከርካሪው እንዳየ ፍሬን ያዘ» እያለ ጽፎ መልሱን አሳየና ሁለቴ አሰመረበት።

ትርንጎ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሹፌሩ ልጅቷን አየ። እግሩ ግን ነዳጁ ላይ ነው። ከነዳጁ ተነሥቶ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ መኪናው ቆሞ ይጠብቀዋል እንዴ?»

«ይህ ነገር ጥያቄው ላይ ተሰጥቷል?»

«አልተሰጠም፣ ግን…»

«ያልተሰጠሽን ከየት አመጣሽው? ፈተና ላይ እንዲህ እየፈላሰፍሽ ትወድቂያታለሽ። ቁጭ በይ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ፍሬኗ» ሆነ። ልጆች ሲያሾፉ መቼም አይራሩም።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ የዚህ ታሪክ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ አላዋቂ ቢሆን ኖሮ እኔም አልቀየመውም ነበር። እሱ ግን ገባው! ጠመኔው ከጣቱ ሳይለቅ ነው የገባው። ሰው አይቶ እግሩን እስኪያነሣ አንዲት ሰከንድ ትሄዳለች፤ በአንዲት ሰከንድ መኪናው ሃያ ሜትር ይበላል። ሃያና አርባ ስድሳ ነው። ዜብራው የተቀባው አርባ አምስት ላይ ነው።

ማታ ራት ቀርቦለት ሳይጎርስ ቀረ። ሚስቱ ብርቄ አየችው።

«ምን ሆነሃል ዛሬ?»

«ያ ዜብራ ትንሽ ራቅ ማለት ነበረበት።»

«ውይ! ታዲያ ነገ በጠዋት ንገራቸዋ!»

«ቀለሙ እኮ ገና አልደረቀም ብርቄ። ትናንት መርቀው ጋቢ ያለበሱኝ ሰዎች ዛሬ ምን ይሉኛል? ያቺ ልጅስ? ተማሪው ሁሉ መሳቂያ ያደርገኛል። ግድየለም፣ ፈተናው ይለፍና ቀለሙ ደብዝዟል ብዬ ራቅ አድርገው እንዲቀቡት አደርጋለሁ።»

«እስከዚያ ልጆቹስ?»

«እስካሁንስ ሲሻገሩ አልነበር?»

ብርቄ ያልተበላውን ራት አነሣች። ሰው መልስ አጥቶ ሲቆጣ ክርክር ትርፉ ድካም መሆኑን ታውቃለች። መምህሩም አለመከራከሯን እንደ ስምምነት ቆጠረው። ከዚያ ወዲህ በፊት ለፊት በር መግባት ተወ። በጀርባ በኩል፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ ዜብራው በማይታይበት መንገድ ሆነ መመላለሻው። ሰው ጫማው ለምን እንደተጨማለቀ ሲጠይቀው አቋራጭ ነው ይላል። ፈተናው ደረሰ፣ አለፈ። ቀለሙ ግን አልደበዘዘም፤ ወጣቶቹ ጥሩ ቀለም ነበር የገዙት። እሱም ለነገ፣ ለሰኞ፣ ከበዓል በኋላ እያለ ሰነበተ።

አንድ ቀን ትንንሾቹ ቀድመው ተለቀቁ። አበቡ ቦርሳዋን አንግታ ወደ አስፋልቱ ወጣች። እንደተነገራት ሮጣ አልተሻገረችም፤ ሌላ ቦታም አልረገጠችም። ዜብራው ላይ ደርሳ፣ ግራ ቀኝ አየች፣ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ገባች። ያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ኩርባውን ዞረ።

የፍሬኑን ጩኸት መምህሩ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሰማው። ጠመኔውን ጥሎ ሮጠ። ሲደርስ አበቡን ነጠላ አልብሰዋታል። ሹፌሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። «አይቻታለሁ» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ማርያምን! እንዳየኋት ነው የረገጥኩት። እንዳየኋት!»

መምህሩ ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ጎማው የተወው ጥቁር መስመር እንደ ተሰመረ ነገር ቀጥ ብሎ ይታያል። ርዝመቱ እሱ ያሰላው አርባ ሜትር ነው፤ አልጨመረም አልቀነሰም። ስሌቱ ልክ ነበር! ከኩርባው እስከ ጥቁሩ መስመር መነሻ ድረስ ያለው አስፋልት ግን ንጹሕ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ትርንጎ የጠየቀችው ስለዚያ ነበር። እሷም ከትልልቆቹ ክፍል ወጥታ ደርሳ፣ ከነጠላው አጠገብ ተንበርክካለች። መምህሩ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ከቀብር መልስ ዜብራው በዚያው ሳምንት ተፍቆ ርቆ ተቀባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰዉ ሹፌሩን ይረግም ነበር፤ መምህሩንማ ማን ይጠረጥራል! እንዲያውም «ምነው ሹፌሩ መምህሩ ባሰላው ፍጥነት ነድቶ ቢሆን» እያሉ ለመምህሩ ያዝኑለት ነበር። መምህሩ ያልቻለው ይኼን ነው። ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ ለቅሶ ቤት ሄደ። አቶ ደምሰው ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢውን እግራቸው ሥር አስቀመጠ።

«ሹፌሩን አይርገሙት» አላቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዜብራውን ያስቀባሁት ያለ ቦታው ነው።»

አባትየው ቀና ብለው አዩት። ቁጣ አልነበረባቸውም። እንዲያውም እንደ ማጽናናት ቃጣቸው።

«ሰው ይሳሳታል መምህር። ባያውቁት ነው።»

መምህሩ እሺ ብሎ መሄድ ይችል ነበር። እግዜር ይመስገን፣ ያን ያህል አልከፋም።

«አውቄ ነበር» አለ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«በተቀባ ማግሥት። ልጅዎ ትርንጎ ነግራኝ።»

አቶ ደምሰው ወደ ጋቢው አጎነበሱ፣ ግን አልነኩትም።

«ለካስ ሹፌሩ ፍሬኑን ቶሎ ነበር የያዘው» አሉ።

መምህሩ አሁንም ያስተምራል። ያቺን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ሹፌሩ አይቶ እስኪረግጥ መኪናው የሚሄደውን መንገድ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ከዚያም ዞሮ «ጥያቄ ያለው?» ይላል። የሚጠብቀው የአንዲት ልጅን እጅ ነበር። ትርንጎ እስክትመረቅ ድረስ በዚያ ክፍል እጇን አላወጣችም። «ፍሬኗ» የሚላትም ጠፋ።

ወዳጄ፣ ስህተት የማያገኘው ሰው የለም። በመምህሩ ላይ የፈረደበት መሳሳቱ አይደለም፤ አይቶ አለመቆሙ ነው። ሹፌሩ በማየትና በመቆም መካከል የፈጀው ጊዜ ዓይን እስኪርገበገብ ነው፤ መምህሩ ግን ለክብሩ ሲል ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው ነዳ። «በኋላ አስተካክለዋለሁ» የምንላት መንገድ ባዶ አስፋልት ትመስለናለች። ባዶ አይደለችም፤ የሰው ልጅ ይሻገርባታል።

አንተስ፣ የምታውቀው ጥፋት የለህም? ካየኸው ስንት ጊዜ ሆነህ? እግርህስ እስካሁን ነዳጁ ላይ ምን ይሠራል?