እሾህ ፈታኙ አፍንጫ

ተረት ተረት!
የእሾህ በረት!

በአንድ ዱር የሚኖሩ እንስሳት ጅብ እንዳይገባባቸው የጋራ አጥር ነበራቸው። የአጥሩ ሕግ እንዲህ ነው፤ እሾህ ማንም ያመጣል፣ የሚሰካው ግን አያ ጃርት ብቻ ነው። እሱም እያንዳንዱን እሾህ በገዛ አፍንጫው ላይ ይፈትናል፤ ካላስጮኸው ይጥለዋል።

አጥር ሥራ የምትማር አንዲት ችኩል ሽኮኮ ነበረች። ጃርት ቀን ቀን እንደሚተኛ ታውቃላችሁ፤ እሷ ግን በቀን አሥር ጊዜ በሩን ታንኳኳለች።

«አያ ጃርት፣ ይቺን ብቻ ይዩልኝ!»

«አሁን አንዷን አይቼልሽ የለም እንዴ?»

«ያቺ ሌላ ናት፤ ይቺ ጎበጥ ያለችው ናት። ለምን እኔው ራሴ አልሰካም?»

«እሾህሽ ደካማ ከሆነ ጅቡ በዚያው ይገባላ!»

«እስካሁን ካመጣሁት የጣሉት አለ?»

ጃርት ያበጠ አፍንጫውን እያሻሸ አሰበ። እውነትም አንድም አልጣለም። ድንገት ፊቱ በፈገግታ በራ።

«በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ፈትነሽ ስኪ» አላት።

ሽኮኮ በደስታ ስትዘል ዋለች። በማግስቱ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ብትከፍት ተማሪ ጥንቸሎች እሾህ እሾሃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

«እትዬ ሽኮኮ፣ ይቺን ብቻ ይዩልን!»

«አያ ጃርትስ?»

«‹ወደ ሽኮኮ ሂዱ› ብለውን ተኙ።»

ሽኮኮ የሰልፉን ርዝመት አየችና የመጀመሪያዋን እሾህ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ጩኸቷ ዱሩን አናወጠው፤ እሾኋ አለፈች ማለት ነው። ጃርትም በእንቅልፍ ልቡ ፈገግ ብሎ ተገላበጠ።

ተረቴን መልሱ፣
አፍንጫዋን በቅቤ አብሱ።