የዙር ቆጣሪዋ ስልክ

ክቡር ድንበሩ መሸነፍ የማይወዱ ሹም ነበሩ። ይኸው አመላቸው በሪሞት በሚነዱ መጫወቻ መኪኖች እሽቅድምድም ላይ እንኳ አልለቀቃቸውም። ስንዝር ተኩል የማትሞላ መኪናቸውን የሥራ መኪናቸውን ቁርጥ አስመስለው ነበር ያሠሯት፤ ባንዲራዋም ጥቁር መስታወቷም አልቀረም።

አንድ ቀን ታዲያ በውድድሩ መኪናቸው መጨረሻ ወጣች። ዙሩን በስልኳ ሶፍትዌር የምትቆጥረው አንዲት ስልክ ጠጋኝ ነበረች።

«አጭበርብረሻል! አምጪው ስልክሽን!» አሉ ሹሙ።

ሴትዮዋ የዙር መቁጠሪያውን ከፍታ ሰጠቻቸው፤ ቁጥሩ ልክ ነው። እሳቸው ግን በዚያ አላበቁም፤ ጣታቸውን ወደ ሌሎቹ አፕሊኬሽኖች ሰደዱ። የፎቶውን ቢነኩ የይለፍ ቃል ጠየቃቸው፤ የመልእክቱንም ቢነኩ እንደዚያው።

«አያችሁልኝ!» አሉ ወደ ተመልካቹ ዞረው። «ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው አለ? አሁኑኑ ሁሉንም ካልከፈትሽ ሁለተኛ እዚህ ሜዳ እንዳትደርሺ!»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የሹሙን መኪና አነሳችና በመስታወቷ አጮልቃ ለማየት ሞከረች። ውስጧ አይታይም።

«ክቡርነትዎ» አለች፣ «እርስዎ ማንም ለማይሳፈርባት መኪና መስታወት አጥቁረዋል። እኔ ቤተዘመዴ ሁሉ የተሳፈረበትን ስልክ ብቆልፍ ምን ይገርማል?»