ልብ ያጋለጠው ጾም

አንድ በእልኸኝነቱ የታወቀ ዘርጋው የሚባል የበርበሬ ነጋዴ ነበር። የሐሞት ጠጠር ሲያሰቃየው ከርሞ በመጨረሻ የቀዶ ጥገና ቀን ተቆረጠለት። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ እንዳይቀምሱ፤ ውኃ ግን እስከ ንጋት ይጠጡ» ተባለ። እሱ ግን ሰመመኑን ክፉኛ ፈርቶታል፤ እንደተኛ የሚቀር መስሎታል። ስለዚህ በሰላም እንዲነቃ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ እህል ውኃ ሳይቀምስ አከፈለ። ጾም አይወራም ብሎም ቤት ሲሆን «ሱቅ በልቻለሁ»፣ ሱቅ ሲሆን «ቤት በልቻለሁ» እያለ ሁሉንም ሸወደ። ጾመኛ ሲዋሽ ይታያችሁ!

በቀጠሮው ጠዋት ሰመመን የምትሰጠው ወጣት ባለሙያ ደረቱን በአልትራሳውንድ ታይ ጀመር። ዘርጋው ተበሳጨ።

«ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ሐሞቴ ነው። ልቤ ምን አደረገሽ?»

«ልብዎን ሳላይ አላስተኛዎትም፣ አባባ» አለች። ጥቂት ካየች በኋላም «ልብዎ ጠንካራ ነው፤ የሚገፋው ደም ግን አንሶታል። ውኃ ከጠጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ስትል ጠየቀችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሁለት ቀኔ ነው። ጾም አይነገርም ብዬ ነው።»

«እግዜር ይቀበልልዎት። ግን እንዲህ ደርቀው ሰመመን ብሰጥዎት የደም ግፊትዎ በአንዴ ይወርዳል። ያኔ መመለሱ ይቸግራል።»

ክንዱ ላይ ግሉኮስ ሰካችለት። ቀዶ ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ ቢቆጣም፣ ልጅቷ የዘርጋውን ልብ ደግማ አይታ እስክትረካ ድረስ ወይ ፍንክች! ዘርጋውም እያጉረመረመ ተኛ፣ በሰላምም ነቃ።

በሳምንቱ ሙክት እየጎተተ ወደ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። ሐኪሙ ሳቀ።

«አቶ ዘርጋው፣ እኔ ጠጠሩን አወጣሁ። ግፊትዎ ንቅንቅ ሳይል ያቆየችዎት ግን ሰመመን የሰጠችዎት ልጅ ናት። ያን ቀን የተቆጣኋትም በከንቱ ነው።»

ነጋዴው ሙክቱን ይዞ ልጅቷን ፈልጎ አገኛት።

«እኔ ምን አደረግሁ፣ አባባ? ምንም አልተፈጠረም እኮ» አለችው።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እሱን ነው የማመሰግንሽ፣ ልጄ። ምንም አልተፈጠረም። ዕድሜ ይስጥሽ!»

ወዳጆቼ፣ ከገደል ላወጣን ሰው ሙክት እንጎትታለን። ገደሉ ጋ ሳንደርስ መንገድ ላስቀየረን ሰው ግን ፊታችንን እናጠቁራለን፤ አጓተትከን እንለዋለን። ምስጋና የሚገባው አደጋ ላይ ለደረሰልን ብቻ ሳይሆን አደጋው እንዳይደርስብን ቀድሞ ላየልንም ነው። እናንተስ፣ ሳይደርስባችሁ ስለቀረው ነገር እስከ ዛሬ ያላመሰገናችሁት ሰው ማን ነው?