ዳታቤዙ በሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር

አቶ ይርዳው የአንድ ትልቅ የመድኃኒት ማከፋፈያ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ስብሰባም ላይ ይሁን የሰው ሠርግ ላይ ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ «ያለ እኔ ይሄ ቤት አንዲት እርምጃ አይራመድም!»

አንድ ጊዜ የሽያጭ ፕሮግራም የምትሠራ ልጅ ቀጠሩ። ልጅቷ የሽያጩ መረጃ ሁሉ የሚከማችበትን ዳታቤዝ ሌት ተቀን በማይጠፋ ማሽን ላይ እናስቀምጠው ብትላቸው ተቆጡ።

«የማን ቤት መሰለሽ? የእኔ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ! ሁሉም በእኔ በኩል ይለፍ!»

እሷም እሺ ብላ የሠራተኛው ፕሮግራም ሁሉ ከእሳቸው ኮምፒውተር ጋር እንዲገናኝ አድርጋ ጻፈችው።

አቶ ይርዳው ደግሞ ሰው አያምኑም። ከቢሮ በወጡ ቁጥር ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ነው የሚሄዱት።

ታዲያ አንድ ቀን የቦርድ አባላቱን ምሳ ጋብዘው፣ ሥራውን ሊያስጎበኙ ይዘዋቸው ሲመለሱ፣ ደንበኛው እስከ ውጭ በር ተሰልፏል። ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ስክሪኑ ሁሉ «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል።

አቶ ይርዳው ልጅቷ ላይ አምባረቁ።

«ገና ዞር ከማለቴ ሥራ ይቆማል? በይ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ምክንያቱን ተናገሪ! አለዚያ ዛሬውኑ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪልኝ!»

ልጅቷ ምንም አልደነገጠችም።

«ጋሽ ይርዳው፣ ያለ እኔ ይሄ ቤት አይራመድም ሲሉ እኛ ሁላችንም ጉራ መስሎን ነበር። ቃልዎን ያመነው ፕሮግራሙ ብቻ ነው።»